ማህተም አለው፤ ኢንሹራንስስ አለው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቪትዝ ገዛሁ። ለጊዜው በውክልና ነው የያዝኳት፣ ስም አላዛወርንም። ሻጩ ‹ፉል ኢንሹራንስ አላት፣ እስከ መጋቢት 10 ይሠራል› ብሎ ለቀሪው ጊዜ 15,000 ብር አስጨመረኝ። የሰጠኝ የፖሊሲውን ፎቶ ኮፒ ነው፣ ኦሪጂናሉ ቤት ነው ብሏል። ወረቀቱ ማህተም አለው። መስታወቷ ላይ የሦስተኛ ወገን ስቲከር አለ። ቦሎዋም የዘንድሮ ነው። ደላላው ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ‹ቁጥሩ አለ› ተብሏል። አንድ ጓደኛዬ ግን ፎርጅድ ሊሆን ይችላል ብሎ አስፈራራኝ። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ጓደኛህ መጠርጠሩ ልክ ነው። የጠረጠረው ግን ትንሹን ነገር ነው። ፎርጅድ የኢንሹራንስ ወረቀት አለ፣ እጄ ገብቶ አይቻለሁ። ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ በሞተር (የመኪና ኢንሹራንስ) ክፍልም በክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍልም በሠራሁባቸው ዓመታት ግን ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ራሱን ሲይዝ ያየሁት ሰው አብዛኛው የያዘው እውነተኛ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ውሉ ግን ሞቷል። ወይም ውሉ አለ፣ እሱ ግን ውሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ዛሬ ይሠራል ወይ? ለኔስ ይሠራል ወይ? ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉት እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ያመንክባቸውን ምልክቶች ላፍርስልህ። ማህተም ምንም አያረጋግጥም። ዛሬ ማህተም ማስቀረጽ እንኳ አያስፈልግም፣ ጥሩ ስካነርና የቀለም ፕሪንተር ያለው ሰው ከሌላ ወረቀት ላይ አንስቶ ያስቀምጠዋል፣ ፎቶ ኮፒ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ቀለሙንም አታየውም። ቦሎ የመኪናዋን ብቃት የሚመለከት ዓመታዊ ምርመራ ነው። ቦሎ ለማሳደስ ሦስተኛ ወገን ይጠየቃል፣ እውነት ነው። ያ ማለት ግን በዚያ ቀን አንድ ሰው ወረቀቱን አየ ማለት ነው፣ ኢንሹራንሱ ዛሬም አለ ማለት አይደለም። ስለ ፉል ኢንሹራንሱማ ቦሎ የሚያገባው ነገር የለም። ስቲከሩ ትንሽ ይሻላል። ኩባንያው እንደፈለገው የሚያትመው ሳይሆን በመንግሥት የመድን ፈንድ በኩል የሚሰራጭ ነው፣ ቁጥርም አለው። ቁጥሩን ከሰርተፍኬቱና ከኩባንያው መዝገብ ጋር ካላመሳከርከው ግን መስታወት ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። ትራፊክ አስቁሞህ ስቲከሩን አይቶ «ሂድ» ካለህም አትጽናና፣ እሱም ያየው ያንኑ አንተ ያየኸውን ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «ኩባንያው የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አለው» ብሎ ይከራከረኛል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ የማታውቀው ስም ካጋጠመህ ፈቃድ ካላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ጥሩ ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ግን የሌለ ኩባንያ ስም አይጽፍም። ሰው የሚያውቀውን፣ ሰንጋ ተራና ለገሃር ላይ ፎቁ የሚታየውን ነው የሚመርጠው። ኩባንያው መኖሩ ስለ ወረቀትህ የሚለው ነገር የለም።

የስልኩ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጠንቃቃ ነኝ የሚል ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ደላላህ ሁለት ስህተት ሠርቷል። አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ነው የደወለው። ወረቀቱ የውሸት ከሆነ ስልኩ የማን ይመስልሃል? ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ትክክለኛው ቢሮ ቢደወልም እንኳ ጥያቄው የተሳሳተ ነው። «ይህ ቁጥር አለ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አንድ ሰውዬ ግጭት ደርሶበት መጣ። ወረቀቱን አየሁት፣ መልኩ የኛው ነው። የፖሊሲ ቁጥሩን ሲስተም ውስጥ አስገባሁ፣ አለ። ዓረቦኑም፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ክፍያ፣ ተከፍሏል። ዝርዝሩን ስከፍተው ግን የወጣው የሱ ኮሮላ አይደለም፣ የአንድ ነጋዴ አይሱዙ ነው። ወረቀቱን የሠራው ሰው የእውነተኛ ፖሊሲ ቁጥር ትቶ ስሙን፣ ታርጋውንና ሻንሲውን (የመኪናዋን አካል ቁጥር) ቀይሮ ነው ያተመው። ሰውዬው መኪናውን ሲገዛ ደውሎ «ቁጥሩ አለ፣ ተከፍሏል» ተብሎ ነበር። የመለሰለት ልጅ አልዋሸውም። የተጠየቀውን መለሰ።

ስለዚህ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፦ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበው መኪና የትኛው ነው? የሻንሲውን የመጨረሻ ስድስት ቁጥር ንገሩኝ።» አንተ ሻንሲውን አንብበህ «ይኼ ነው አይደል?» አትበላቸው፣ በሰልፍ የተጨናነቀ ሰው «አዎ» ሊልህ ይችላል። እነሱ ይበሉ፣ አንተ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ ከዚያ ሊብሬውን ከመኪናዋ አካል ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አመሳክር። ታርጋ ላይ ብቻ አትመካ። መኪና ከኮድ 2 ወደ ኮድ 3 ሲዞር ታርጋ ይለወጣል፣ ሻንሲ ግን አይለወጥም። በነገራችን ላይ በስልክ ይህን ሁሉ ላይነግሩህ ይችላሉ። የሌላ ደንበኛ መረጃ ነውና ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ሻጩ አብሮህ መሄድ ያለበት።

አሁን ወረቀቱም እውነተኛ፣ ሻንሲውም ልክ ሆኖ ተገኘ እንበል። ገና ነው። ሻጭህ ውሉን አሰርዞ የቀረውን ዓረቦን በተመላሽ ሊወስድ ይችላል። ወይም ሽፋኑን ወደ ገዛው አዲስ መኪና ሊያዞረው ይችላል፣ በተለይ ለዓመታት ክሌም ሳይጠይቅ ያገኘው ቅናሽ ካለው አይለቀውም። ያ ኖ ክሌም የምንለው ቅናሽ የሱ ነው፣ የመኪናዋ አይደለም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንተ እጅ ያለው ፎቶ ኮፒ ላይ አንዲት ፊደል አትለወጥም። ጠዋት ሸጦ ከሰዓት በኋላ ውሉን ያሰረዘ ሰው አስተናግጃለሁ። ገዢው ከሳምንታት በኋላ ከነግጭቱ ሲመጣ የያዘው ወረቀት የኛው ማህተም ያለበት፣ የኛው ፊርማ ያለበት እውነተኛ ወረቀት ነበር። ምንም ልናደርግለት አልቻልንም። ሌላም አለ፣ ዓረቦኑ በቼክ ተከፍሎ ቼኩ ደረቅ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያው ክፍያ ተከፍሎ ቀሪው ከቀረ፣ ፖሊሲው ታትሞ የወጣ ቢሆንም ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙንም እይ። የደላላ ቃለ መሃላ ደረሰኝ አይሆንም፣ የኩባንያው ደረሰኝ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄህ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን አንተ እንደ ዋዛ ያለፍካት ቃል ናት፦ ፎቶ ኮፒ። ኦሪጂናሉ ቤት ከሆነ ለምን አላመጣውም? ብዙ ጊዜ ኦሪጂናል ፖሊሲ የሚጠፋው ባንክ ስለሚይዘው ነው። መኪናዋ በብድር የተገዛች ከሆነች ወይም ለሌላ ብድር ዋስትና ከተያዘች ባንኩ ኦሪጂናሉን ፖሊሲ ይይዛል፣ ፖሊሲው ላይም ስሙን ያስጽፋል፣ ካሳ ሲኖር ቅድሚያ የሚያገኘው እሱ ነው። ፎቶ ኮፒውን አውጣና የባንክ ስም ያለበትን ቦታ ፈልግ። ያ ገጽ ጎድሎ ከተሰጠህ ደግሞ የበለጠ ጠርጥር። እንዲህ ያለች መኪና ላይ እገዳ ስለሚኖር ስም ማዛወር አይቻልም። አሁን ወደ ኋላ ተመለስና ሰውዬው ለምን በውክልና ብቻ እንደሸጠልህ ራስህን ጠይቅ። ሰውዬውን አላውቀውም፣ ንጹሕ ሰው ሊሆን ይችላል፣ በግብሩና በሰልፉ ተማሮ በውክልና የሚሸጥ ሞልቷል። ግን መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ መኪናዋ ላይ እገዳ መኖር አለመኖሩን ሳታጣራ አንድ ሌሊት አትደር። እገዳ ካለባት ችግርህ ኢንሹራንስ አይደለም፣ መኪናዋ ራሷ ነች።

ቀኑን ደግሞ እንየው። «እስከ መጋቢት 10» ብለሃል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 10/03/2026 ከሆነ፣ ብዙ ኩባንያዎች ፖሊሲ የሚያትሙት በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና፣ ያ ቀን በኛ መጋቢት 10 አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2018 ነው። ሦስተኛው የፈረንጅ ወር መጋቢት ይባላል ብሎ ቀኑን እንዳለ የሚያነብ ሰው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለ ሽፋን ይነዳል። ቀልድ እንዳይመስልህ፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚገጭ ሰው አለ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። 24:00 ተብሎ ከተጻፈ በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ነው፣ ሲነጋ መኪናህ ባዶዋን ነች።

የስሙ ጉዳይ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢንሹራንስ ከመኪና ጋር የሚሸጥ ጎማ አይደለም። በኩባንያውና በሻጭህ መካከል ያለ ውል ነው። ሊብሬው በሱ ስም፣ ፖሊሲው በሱ ስም ስለሆነ «ሁሉም ይገጥማል» ብለህ ተደስተህ ይሆናል። ይገጥማል፣ ላንተ ግን አይደለም። መኪናዋ ዛሬ ብትሰባበር ካሳውን መጠየቅ የሚችለው እሱ ነው፣ ቼኩም የሚጻፈው በሱ ስም ነው። ከዚያ ደግሞ ኩባንያው መኪናዋ መሸጧን ሲያውቅ፣ ሻጭህ የመኪናዋን ገንዘብ ተቀብሎ ወጥቷል፣ የሚጎዳበት ንብረት የለውም፣ ምን ብሎ ይከፍለዋል? አንተን ደግሞ አያውቅህም። ውክልናው መኪናዋን እንድትነዳና እንድትሸጥ ሥልጣን ሊሰጥህ ይችላል፣ የኢንሹራንሱ ባለቤት ግን አያደርግህም። ይህ የሚስተካከለው በኢንዶርስመንት ነው፤ ማለትም ኩባንያው የባለቤት ለውጡን አውቆ፣ ተስማምቶ፣ በጽሑፍ የውሉ ማሻሻያ ሲሰጥህ። ሊስማማም ላይስማማም ይችላል፣ ዓረቦንም ሊያስጨምርህ ይችላል።

ይህን ሁሉ አልፈህ ስምህ ገባ እንበል። አሁን የመድን ገንዘቡን መጠን ተመልከት፣ መኪናዋ በስንት ብር ተገምታ እንደተመዘገበች ማለቴ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ አንተው ሰሞኑን ገዝተህ አይተኸዋል። ሻጩ ግን ዓረቦን እንዲቀንስለት የድሮውን ግምት ይዞ በየዓመቱ እያሳደሰ ከመጣ፣ 2,000,000 ብር የምታወጣው መኪና በ1,200,000 ተመዝግባ ታገኛታለህ። «ታዲያ ከ1,200,000 በታች የሆነ ጉዳት ሙሉ ይከፈለኛል» ትላለህ። አይከፈልህም። ውሉ ላይ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለ፣ ከዋጋዋ 60 በመቶውን ብቻ ነው ያስመዘገብከው፣ ስለዚህ ከጉዳቱም 60 በመቶውን ነው የሚከፍሉህ። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ 180,000 ይሆናል፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ አንተ የምትሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። «ፉል» የሚለው ቃል ያሞኘሃል። ፉል የሚባል ነገር የለም፣ ውሉ ላይ የተጻፈና ያልተጻፈ ነው ያለው። አገልግሎቱንም እይ። ለግል ተብላ የተመዘገበችን መኪና በአፕ ሰው እየጫንክ ከሠራህባት፣ ፖሊሲው ቢቀደስም አይረዳህም።

ሦስተኛ ወገኑን ለብቻ ላንሳው፣ ምክንያቱም እሱ ምርጫ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ሽፋን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። የሚከፍለው አንተ ለጎዳኸው ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ላንተ መኪና አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ጣሪያም አለው። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። በዛሬ ገበያ የአንዳንድ መኪና የፊት መብራትና ፓራውልት እዚያ ይደርሳል፣ ስለዚህ ወረቀትህ ላይ ያለውን አሃዝ አንብብ፣ ትርፉ ከኪስህ ነው። ስቲከሩ የውሸት ሆኖ ሰው ብትገጭ፣ የተጎዳው ሰው ሜዳ ላይ አይወድቅም። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው የመድን ፈንዱ ይደርስለታል። ከዚያ በኋላ ግን ፈንዱ ዞሮ የሚጠይቀው አንተን ወይም ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። አንተና ሻጭህ ፍርድ ቤት የምትገናኙት ያኔ ነው። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ በሰነድ መገልገል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ አሁን ጥርጣሬ ስለገባህ ከዛሬ በኋላ «አላውቅም ነበር» ማለት ይከብድሃል።

የማደርገውን ልንገርህ። ነገ ሻጩን ትይዘዋለህ፣ ሊብሬውን፣ ውክልናውን፣ ፖሊሲውንና የዓረቦን ደረሰኙን ከነኦሪጂናላቸው ይዛችሁ ፖሊሲውን የሰጠው ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ። ቅርንጫፉ ሩቅ ከሆነ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለው የቅርንጫፍ ስም ካልገባህ ዋናው መሥሪያ ቤት የሞተር ክፍል ሂድ፣ አብዛኞቹ ካንተ ቢሮ ብዙም አይርቁም። ስልካቸውንም አድራሻቸውንም ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከራሳቸው ድረ ገጽ ውሰድ። እዚያ ስትደርስ ሻንሲው የትኛው ነው፣ ዓረቦኑ ሙሉ ተከፍሏል ወይ፣ ውሉ ተሰርዟል ወይ፣ የባንክ ስም አለበት ወይ፣ ያልተዘጋ ክሌም አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። መጨረሻ ላይ መልሱን በጽሑፍ፣ ቀን ያለበት፣ ላንተ የተጻፈ ደብዳቤ አድርገው እንዲሰጡህ ጠይቅ። ይሰጣሉ። የሻጩ ፈቃድ ያስፈልጋል ካሉህ እሱ እዚያው ቆሟል፣ ይፈርማል። ኮምፒውተሩን አይቶ «ችግር የለውም» የሚልህን ልጅ ቃል ይዘህ አትውጣ።

ሻጩ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ለምን ትጠራጠረኛለህ» ካለ መልስህን አገኘህ ማለት ነው። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ለግማሽ ቀን አይጨነቅም።

15,000ውን በተመለከተ፣ ማስመለስ ከቻልክ አስመልስ። እኔ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ሁሉ ቀሪ ኢንሹራንስ አትግዛ ነው የምለው። ሁሉም ነገር ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሌላ ሰው ግምት፣ የሌላ ሰው ስምና የሌላ ሰው ቅናሽ ያለበትን ውል ለመጠገን የምትደክመው ድካም አዲስ ከማውጣት አያንስም። ስም አዛውር፣ መኪናዋን በዛሬ ዋጋዋ አስገምት፣ በራስህ ስም አዲስ ፖሊሲ ግዛ፣ ዓረቦኑን በኩባንያው የባንክ ሒሳብ ክፈል። ወኪል በኩል ብትገዛም በወኪሉ የግል ሒሳብና የግል ቴሌብር ውስጥ አትክፈል፣ ብዙ ሰው ገንዘቡ ኩባንያው ጋ ሳይደርስ ወረቀት ይዞ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ደብዳቤውን ብታገኝም አንድ ነገር እወቅ፤ ደብዳቤው የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ነው። ውሉ በሻጩ ስም እስካለ ድረስ በማግስቱ ሊሰረዝ ይችላል። ሽፋኑ መኖሩም ክሌሙ ይከፈላል ማለት አይደለም፣ መንጃ ፈቃዱን ያላደሰ ወይም የጠጣ ሰው ሲነዳት ከተጋጨች ሌላ ክርክር ይመጣል።

እስከዚያ ድረስ መኪናዋን አቁማት። ለሥራ ብለህ፣ «ለዛሬ ብቻ» ብለህ አታውጣት። ከሜክሲኮ ለገሃር እንደሆነ በእግር ይደረሳል።